ዝም ያሰኘኋት ብስክሌት

ባለፈው ሳምንት ለብስክሌቴ ግራሶ ልገዛ ደሴ ውስጥ ካለው ሰፈሬ ከሆጤ ተነስቼ ሰኞ ገበያ ሄድኩ። ሄድኩ አልኩ እንጂ በሰው ትከሻ መሐል እየተገፋሁ ደረስኩ ብል ይቀላል። መለዋወጫ ከሚሸጡት ሱቆች አንዱ ውስጥ ጥቁር ሻርፕ የጠመጠመች ወጣት ሴት ቆማለች። «ግራሶ አለሽ ልጄ?» አልኳት። ዘወር ብላ መደርደሪያውን አሳየችኝ። ሰማያዊ አለ፣ ቀይ አለ፣ እንደ ጥርስ ሳሙና በቱቦ የታሸገ ነጭ አለ፣ በባልዲ የመጣ ማር የመሰለም አለ። «የቱን ልስጥዎት አባባ?» አለችኝ። ከባልዲው በጣቴ ጫፍ ቆንጠር አድርጌ በሁለት ጣቶቼ መሐል አሸሁት፣ አሸተትኩት፣ ከዚያም በሩ ድረስ ወጥቼ በፀሐይ አየሁት። ልጅቷ ሳቀች። «የፊት ቅባት መሰለዎት እንዴ?» አለችኝ። እኔም ሳቅሁላት፤ ግን ሽታው እጄን ይዞ ወስዶኝ ነበር። የት እንደወሰደኝ ለእሷ መናገር ረጅም ነው፣ ከኋላዬም ሰው ተሰልፏል። ማር የመሰለውን ገዝቼ ወጣሁ።

በእኛ ጊዜ «የቱን ልስጥህ» የሚባል ጥያቄ አልነበረም። ያገኘኸውን ነው። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ስገባ ገና ሃያ ሦስት ዓመት አልሞላኝም። ሥራዬ የፈተል ማሽኖችን መጠገን ነበር። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ኮምቦልቻ በተከራየኋት ክፍል አድራለሁ፤ ቅዳሜ ከሰዓት ብስክሌቴን አውቶቡስ ጣሪያ ላይ አስጭኜ ደሴ፣ ሆጤ፣ እናቴ ዘንድ እወጣለሁ፤ እሑድ ስመለስ ደግሞ በብስክሌቴ የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁል እለቀዋለሁ። ብስክሌቷ ጥቁር፣ ከባድ፣ ኮርቻዋ የቆዳ፣ ወደ ሌላ አገር ከተቀየረ አንድ የፈረቃ ኃላፊ የገዛኋት ናት። ዛሬ ከተማው ሁሉ ባጃጅ ሆኖ ብስክሌት የማይታይ ይመስላል እንጂ ያኔ ኮምቦልቻ ሜዳ ስለሆነች ፈረቃ ሲለወጥ መንገዱ በብስክሌት ይሞላ ነበር። ታችኛው ጫፉ ሰፊ የሆነ ቤልቦተም ሱሪ እንለብሳለን፤ ያ ሱሪ በብስክሌቱ ካቴና፣ በሰንሰለቱ ውስጥ እየገባ ስንቱን ጎረምሳ ጥሎታል! እኔ የግራ እግሬን እተውና የቀኙን በልብስ መቆንጠጫ እይዘው ነበር። ሻይ በአስር ሳንቲም፣ ከቦምቦሊኖ ጋር። ከሻይ ቤቱ በላይ የተሰቀለው ድምፅ ማጉያ ቀኑን ሙሉ በአምባሰል ቅኝት ያንጎራጉራል፤ የፋብሪካው ጡሩምባ ሲነፋ ዘፋኙ አፉ ተከፍቶ የቀረ ይመስል ድምፁ ይዋጣል፤ ጡሩምባው ሲያቆም ደግሞ ስንኙ መሐል ላይ ብቅ ይላል። ያ ስንኝ መነሻው ምን እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም።

ኮምቦልቻ ውስጥ ብስክሌት የሚያበጁት እትዬ ዘሃራ ነበሩ። አዎ፣ ሴት ናቸው። ባላቸው መካኒክ ነበር፤ በድንገት ሲሞትባቸው ሰው ሁሉ ቁልፎቹንና መዶሻዎቹን የሚሸጡ መስሎት ገዢ ይዞ መጣ። እሳቸው ግን ሐዘናቸውን እንደጨረሱ መሣሪያውን አውጥተው ባላቸው ይቀመጥበት የነበረው ግራር ሥር ተቀመጡ። መጀመሪያ ወንዶቹ ቆመው ያዩዋቸውና ያልፉ ነበር አሉ። እኔ በደረስኩበት ጊዜ ግን ወረፋ ይጠበቅ ነበር። ቀሚሳቸው ላይ የከባድ መኪና ሾፌር የሚለብሰውን ሰማያዊ ካፖርት ይደርባሉ፤ ሻርፓቸው ሁልጊዜ ንጹሕ ነው፤ ጣቶቻቸው ግን እስከ አንጓቸው ጥቁር። ሰላምታቸውን ካልጨረስክ ብስክሌትህን አይነኩም። የእናትህን ጤና፣ የደሴን ብርድ፣ የዝናቡን ነገር ጠይቀው «አልሐምዱሊላሂ» ብለው ነው የሚጀምሩት።

አጠገባቸው ሦስት ጣሳ ይቀመጣል። አንዱ ውስጥ ቢጫ ግራሶ አለ። ሌላው ውስጥ ጥቁሩ፣ ከከባድ መኪና ሾፌሮች የሚያገኙት፣ እንደ ሬንጅ የሚጣበቀው ነው። ሦስተኛው ውስጥ ለድሃ ገበሬ ጋሪ የሚሆን የከብት ሞራ። እኔ ግራሶ ሁሉ አንድ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ይህንኑ ስናገር ሰሙኝና ወንበር ጠቆሙኝ። «ቁጭ በል። ማሽን ጠጋኝ ነኝ ትላለህ እንዴ አንተ?» አሉኝ። ቢጫውን በጣታቸው ቆንጥረው አሽተው ዘረጉልኝ፤ ከዚያ ጥቂት ወረቀት ላይ ቀብተው ለፀሐይ ሰጡት። ትንሽ ቆይቶ ወረቀቱ ላይ የዘይት ክብ ወጣ። «አየህ፣ ይሄ ላብ ነው። ብዙ የሚያልበው ለኮምቦልቻ አይሆንም፤ በሙቀት ቀልጦ ፈስሶ ጎማው የሚዞርበትን ኩሽኔታ ባዶ ያስቀርብሃል። ጨርሶ የማያልበው ደግሞ ለደሴ አይሆንም፤ ብርድ ሲመታው እንደ ሻማ ይረጋል። አንተ ሁለት አገር የምትመላለስ ነህ። ላንተ የሚሆነው መሐከለኛው ነው፤ እሱንም ከልክ ሳታልፍ። ሞልቶ የተጠቀጠቀ ግራሶ አቧራ እንጂ ሌላ አይጠራም።» እንዲህ ያለውን ነገር ከእትዬ ዘሃራ በቀር ያስተማረኝ ሰው የለም። ዛሬ ሱቅ በር ላይ ቆሜ ግራሶ በፀሐይ የማየው ከእሳቸው ወስጄው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

እኛ ቤት ጴንጤዎች ነን። ያኔ ደግሞ ጊዜው ለጴንጤ የሚመች አልነበረም። የምንሰበሰብበት አዳራሽ ታሸገ፤ ስለዚህ እሑድ ከሰዓት በየቤቱ ሻይ የምንጠጣ መስለን እንገናኝ ነበር። ዝማሬያችን ከንፈር ላይ የሚቀር ነው፤ አንዱ ጮክ ብሎ ስለ ጤፍ ያወራል፣ ሌሎቻችን በሹክሹክታ እንዘምራለን። ብዙ ጊዜ የምንሰበሰበው ኮምቦልቻ፣ አስቴር የምትባል የጤና ጣቢያ ረዳት ከእናቷ ጋር በምትኖርበት ቤት ነበር። አስቴር ፀጉሯን ወደ ኋላ ጠቅልላ የምታስር፣ ስትናገር ሰው ዓይን ውስጥ የምታይ፣ መዝሙር በደብተር የምትገለብጥበት የእጅ ጽሑፏ የታተመ የሚመስል ልጅ ናት። እወዳት ነበር። ለማንም አልተናገርኩም፤ ለእሷም። ደሴና ኮምቦልቻ መሐል የምመላለስ እኔ ስለነበርኩ መልእክት አድራሹም እኔ ነበርኩ። «በዚህ ሳምንት እገሌ ቤት ነው»፣ «በዚህ ሳምንት ይቅር»፣ እንዲህ ያለውን ወሬ በቃሌ ይዤ በብስክሌቴ አደርስ ነበር።

ችግሩ ብስክሌቷ ነበረች። ፔዳል መምታት ስታቆም ካቴናው የሚያዞረው የኋላው ጎማ ጥርስ ጢቅ ጢቅ ጢቅ ይላል፤ የእኔዋ ደግሞ ከሁሉም ብስክሌት የበለጠ ትጮሃለች። አስቴር ቤት የሚወስደው መንገድ ጫፍ ላይ ፉጨት አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ የሰፈር ጥበቃ ይቀመጣል። አንድ እሑድ ሳልፍ «ታምሩ፣ ዛሬም መጣህ? ከሩቅ ሰማሁህ እኮ» አለኝ እየሳቀ። እኔም ሳቅሁና ሳልቆም አለፍኩ። ለአስቴር ስነግራት «ብስክሌትህ ስምህን እየጠራች ነው የምትመጣው። ዝም አሰኛት» አለችኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ያለኝ ምክሩን እሰማና እተወዋለሁ። ያለችኝ ግን እሷ ናት።

በማግሥቱ እትዬ ዘሃራ ዘንድ ሄድኩ። «ይሄን ጢቅ ጢቅ የሚለውን ያጥፉልኝ» አልኳቸው። ለምን እንደሆነ አልነገርኳቸውም፤ እሳቸውም አልጠየቁኝም። ጥርሱን በጣታቸው ወደ ኋላ አዞሩና ጆሯቸውን አስጠጉ። «ይሄ ጤነኛ ድምፅ ነው። እዚህ ውስጥ ሁለት ትንንሽ ጥፍሮች አሉ፤ ከሥራቸው ፀጉር የምታህል ሞላ አለች። ጥፍሮቹ ናቸው ጎማውን የሚይዙልህ። ሲያልፉ ይነካካሉ፣ ይጮሃሉ። በወፍራም ግራሶ ካፈንካቸው ተጣብቀው ይቀራሉ። ያኔ ፔዳሉን ብትረግጥ ባዶውን ነው የሚዞርብህ።»

«በጥቁሩ ግራሶ ዝም ይላል ሲሉ ሰምቻለሁ» አልኩ።

«ዝምስ ይላል፣ ወላሂ። ኮምቦልቻ ላይ ምናልባት ሙቀቱ ይሸፍንልሃል። ደሴ ላይ ግን ብርዱ አይሸፍንልህም። ለኩሽኔታው ግራሶ፣ ለጥርሱ ቀጭን ዘይት፤ ሌላ አልሠራልህም። ድምፁን ከጠላኸው ደግሞ ፔዳልህን ሳታቋርጥ ምታ።» ይህን ብለው ብስክሌቷን መለሱልኝ።

ማጋነን መሰለኝ። በእርግጥ ሦስት ዓመት ማሽን የጠገንኩ ሰው ግራር ሥር ከተቀመጡ ሴት የተሻለ አውቃለሁ የሚል ነገር ልቤ ውስጥ ነበር፤ ያን ጊዜ አልታየኝም እንጂ። ከአንድ የማውቀው ሾፌር ጥቁሩን ግራሶ በጣሳ ክዳን ተቀብዬ፣ በተከራየሁበት ግቢ ጥርሱን ፈትቼ ጠቀጠቅሁበት። ስገጥመው እንደ ጥላ ሆነች። ምንም ድምፅ የለም። በዚያው ሳምንት እሑድ በጥበቃው ፊት ሳልፍ ዞር እንኳ አላለም። አስቴር በሩን ስትከፍትልኝ ደነገጠች፤ «መቼ መጣህ?» አለች። ያ ድንጋጤዋ፣ ከዚያም ፈገግታዋ፣ ለእኔ ትልቅ ሽልማት ነበር። ግንቦትና ሰኔ በዚህ ደስታ አለፉ። ኮምቦልቻ ሙቀት ነው፤ ግራሶው ለስልሶ ጥፍሮቹን እሺ አሰኝቷቸው ነበር።

ሐምሌ መጣ። ደሴን በሐምሌ የማያውቅ ሰው ብርድ አውቃለሁ ባይል ይሻላል። ጭጋጉ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ደጃፍ ላይ ይተኛል፤ ካፖርት ለብሰህ እቤትህ ውስጥ ትቀመጣለህ። በአንዱ እሑድ ጠዋት፣ እናቴ ቤት ቁርስ ላይ እያለሁ፣ ጋሽ ወልዴ በዝናብ መጡ። ጋሽ ወልዴ ሰኞ ገበያ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ የእኛው ሰው ናቸው፣ አባቴ ከሞተ በኋላ እንደ አባት የሚመክሩኝ ናቸው። ለባለሥልጣኖቹም ካኪ ይሰፋሉ፤ እዚያ ልብስ ሲለኩ ከሚያወሩት ነው ብዙውን ነገር የሚሰሙት። በር ላይ ቆመው፣ ውሃው ከባርኔጣቸው እየተንጠባጠበ፣ «ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ የአስቴርን ቤት ሊፈትሹ ነው። እንዳይሰበሰቡ ንገራቸው። አውቶቡስ አትሳፈር፣ ከከተማው መውጫ ኬላው ላይ ሰው እያወረዱ ነው። ትደርሳለህ?» አሉኝ። ገና አራት ሰዓት አልሆነም። «እደርሳለሁ» አልኩ። ትከሻዬን መታ አድርገውኝ ሄዱ።

ከከተማው ወጥቼ ወደ ሐረጎ የሚያወጣውን ዳገት ስጀምር ፔዳሉ አንድ ጊዜ ባዶ ዞረብኝ። ከዚያ ያዘ። እንደገና ባዶ ዞረ። ብርዱ ጥርሱን አደንዝዞት ነበር። ወርጄ በድንጋይ መታ መታ ባደርገው ትንሽ ያዘልኝ፤ ወጣሁበትና፣ ሰዓቱ ስላስጨነቀኝ፣ ቆሜ በሙሉ ክብደቴ ረገጥኩት። ያኔ ለቀቀኝ። እግሬ መሬት መታ፣ እኔ ከነብስክሌቴ ከመንገዱ ዳር ወዳለው ቦይ ወረድኩ። ስነሳ የቀኝ ጉልበቴ ተከፍቷል፤ የፊቱ ጎማ ቸርኬ እንደ ደረቀ ቅጠል ታጥፏል። ከዚያ በኋላ ቁልቁለቱም አልጠቀመኝም፤ የማይሽከረከር ነገር ቁልቁል አይወርድም። ብስክሌቷን ከመንገዱ በላይ ካለ ገበሬ ቤት ትቼ በእግሬ ቀጠልኩ። ጭጋጉ ውስጥ የሚመጡ መኪናዎች እጄን አያዩም፣ ቢያዩም አይቆሙም። ከብዙ በኋላ በግ የጫነ ኢሱዙ አነሳኝ። ከበጎቹ መሐል ተቀምጬ ሐረጎን ስወርድ የጸለይኩትን ጸሎት ከዚያ ወዲህ ጸልዬው አላውቅም፤ «ዘግይተው ይምጡ» ብቻ ነበር ቃሉ።

አልዘገዩም። የአስቴር ቤት በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ የሻይ ብርጭቆዎቹ ጠረጴዛው ላይ እንዳሉ ናቸው። እናቷ ግድግዳ ተደግፋ መሬት ላይ ተቀምጣለች። አስቴርንና ከእኛው ሁለት የእምነት ወንድሞችን ወስደዋቸዋል።

በሳምንቱ ደሴ ስወጣ ጋሽ ወልዴ «አልደረስክም?» አሉኝ። «ስደርስ አልቆ ነበር» አልኩ። ጉልበቴን አዩት። ሌላ አልጠየቁኝም። «እንግዲህ እግዜር ያውጣቸው» ብለው ወደ ስፌታቸው ዞሩ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለመናገር ይከብደኛል፤ ግን ትዝታ ደስ የሚለውን ብቻ መርጦ የሚጽፉት ነገር አይደለም። የተያዙት ሰዎች ቤተሰቦች ማን አስያዘን፣ ማን ዝም አለብን ማለት ጀመሩ። ጋሽ ወልዴ ለባለሥልጣን እንደሚሰፉ ሁሉም ያውቃል። «ሰምቶ ነበር። ለእንጀራው ሲል ዝም አለ» ተባለ። ወሬው ከኮምቦልቻ ደሴ ወጣ። የእኛ ሰዎች ጨርቃቸውን ከሱቃቸው አወጡ። መንገድ ላይ ሲያገኟቸው ወደ ሌላ ያያሉ። ጋሽ ወልዴ አንዲት ቃል «ታምሩን ልኬው ነበር» ቢሉ ነገሩ ያበቃል። አላሉም። በዚያ ጊዜ የመልእክተኛን ስም መጥራት መልእክተኛውን አሳልፎ መስጠት ነው፤ ስለዚህ ስሜን ዋጡልኝ። እኔስ? እኔ ደግሞ ዝም አልኩ። መናገር ማለት ለምን እንዳልደረስኩ መናገር ነው፤ ለምን እንዳልደረስኩ መናገር ማለት አስቴርን ያሳሰረው የእኔ እልኸኝነት ነው ማለት ነው። ሐምሌ አለፈ፣ ነሐሴ አለፈ፣ አደይ አበባ አበበ፣ እኔ ዝም እንዳልኩ ነኝ።

ጥቅምት ላይ ብስክሌቷን ከገበሬው ቤት አምጥቼ እትዬ ዘሃራ ዘንድ ወሰድኳት። ቸርኬውን አቀኑ። ከዚያ ሳላዛቸው የኋላውን ጥርስ ፈቱት። ጥቁሩ ግራሶ ሸክላ ሆኖ ነበር፤ በመፍቻ ጫፍ ቆፍረው አወጡትና ጋዜጣ ላይ አስቀመጡት። ለረጅም ጊዜ አዩት። የአስቴርን መያዝ ከተማው ሁሉ ሰምቷል፤ የእኔንም ማንከስ አይተዋል። «ልትደርስላቸው እየሄድክ ነበር?» አሉኝ ቀስ ብለው። ራሴን ነቀነቅሁ። ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ጥርሱን ናፍጣ ውስጥ ነክረው በብሩሽ ማጠብ ጀመሩ።

«የልብስ ሰፊውንም ወሬ ሰምቻለሁ» አሉ እጃቸውን ሳያቆሙ። «ሰው እዚህ ቁጭ ብሎ ሲጠብቅ ያወራል። እሱ ሰውዬ ነው የላከህ?»

«አዎ።»

«ኧረ በነቢ!» ብለው ብሩሹን አስቀመጡት። «ስማኝ ታምሩ። ይሄን ጥርስ እኔ አጥቤልሃለሁ። ሌላውን እኔ ላጥብልህ አልችልም። አሁን ቀጭን ዘይት ይፈልጋል፤ የእኔ አልቋል። የስፌት መኪና ዘይት ነው ደጉ። የሚሰፋ ሰው ታውቅ የለ? ሂድና ትንሽ አምጣ።»

አልቆ እንዳልነበር አሁን ይገባኛል። ያኔ ግን አምኜ ወጣሁ፤ ወደ ጋሽ ወልዴም ሄድኩ። ሱቃቸው ውስጥ ያለወትሮው አንድም የተንጠለጠለ ልብስ የለም። መኪናቸው ፊት ተቀምጠው የገዛ ካፖርታቸውን ክርን ይጥፋሉ። ዘይት እንደምፈልግ ስነግራቸው ከመሳቢያው ጠርሙስ አውጥተው «ይበቃሃል? ጨምር እንጂ፣ እኔ አሁን ብዙም አልፈልገውም» አሉኝ። ለመናገር አፌን ከፈትኩ። «እግዜር ይስጥልኝ» ብቻ ወጣኝ። ከሕይወቴ ውስጥ አንዲት ደቂቃ መልሰህ ኑራት ቢሉኝ የምመርጠው ያችን ነው።

ኅዳር ላይ አስቴርና ሁለቱ ወንድሞች ተፈቱ። ቀጭን ሆና፣ ፀጉሯ ተቆርጦ መጣች። ጎረቤት ሁሉ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ እንኳን ለቤትሽ አበቃሽ ሊል ግቢው ሞላ፤ በዚያን ቀን መሰብሰብን የሚከለክል አልነበረም። እኔ ከበሩ አጠገብ ተቀምጫለሁ። አንዲት እናት፣ የአንደኛው ወንድም እናት፣ ተነሥታ «ልጆቻችን ወጥተውልናል። ወልዴ ግን ይህን ቤት ዳግም እንዳይረግጥ፣ እንዲህ በሉልኝ!» አለች። ሰዉ አጉረመረመ። ሳላስበው ቆሜ ተገኘሁ።

«ጋሽ ወልዴ ልከውኛል» አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ። «በዚያው ጠዋት በዝናብ መጥተው ላኩኝ። ያልደረስኩት እኔ ነኝ። እትዬ ዘሃራ አታድርግ ያሉኝን ግራሶ ብስክሌቴ ውስጥ ከትቼ ዳገት ላይ ጣለችኝ። ጋሽ ወልዴ ስሜን ላለማስጠራት ነው ዝም ያሉት። እኔ ደግሞ ፈርቼ ዝም አልኩ።»

አስቴር አየችኝ፤ እንደ ወትሮዋ ዓይኔ ውስጥ። «ከሐምሌ ጀምሮ?» አለች።

«ከሐምሌ ጀምሮ።»

ነጠላዋን አንስታ ለበሰች፤ «ዛሬ ደክመሻል፣ ነገ ይደረሳል» እያሏት እንግዶቿን ሁሉ ትታ ወደ አውቶቡስ መናኸሪያው ሄደች። ተከተልኳት። አንድ አውቶቡስ ውስጥ፣ እሷ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሆነን ሐረጎን ወጣን። ሰኞ ገበያ ስንደርስ ጋሽ ወልዴ ሱቃቸውን ሊዘጉ ነበር። አስቴር ገብታ እግራቸው ላይ ልትወድቅ ስትል በክንዶቿ ያዟት። «ተይ ልጄ፣ ተይ፤ አንቺ ምን አደረግሽና» አሏት። እሷ ታለቅሳለች፣ እሳቸው ፀጉሯን ያያሉ። ከዚያ በሩ ላይ ወደ ቆምኩት ወደ እኔ ቀና አሉ።

«ነገርካቸው?»

«ነገርኳቸው። ይቅር ይበሉኝ ጋሼ።»

መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉት። «የዚያን ቀን ያዘገየህ ግራሶ ነው። ሰው ይወድቃል፤ እሱ ላይ ይቅር የምለው ነገር የለኝም። እነዚህን አራት ወራት ያዘገየህ ግን አንተው ነህ። ለሱ ይቅር ብዬሃለሁ። ግባ፣ በር ላይ አትቁም።»

ጋሽ ወልዴ በአንድ አፍታ ይቅር አሉኝ። አስቴር እንደዚያ አልነበረችም። እኔም አልፈረድኩባትም። ከዚያ በኋላ ስንገናኝ ሰላም ትለኛለች፣ የእናቴን ጤና ትጠይቀኛለች፣ ከዚያ ትሄዳለች። ጋሽ ወልዴ ላይ የተዘጋው በር ሁሉ አንድ በአንድ ተከፈተ፤ ያቺ «እንዳይረግጥ» ያለችው እናት እንኳ ለልጇ ሠርግ ሙሉ ልብስ እሳቸው ዘንድ አሰፋች። እኔ ግን በሄድኩበት ሁሉ ያ «ከሐምሌ ጀምሮ?» ይከተለኝ ነበር። መልእክት ማድረሱንም ለሌላ ሰው ሰጡት፤ ትክክል ነበሩ።

ዛሬ ያ ግራር የለም። ቦታው ላይ ከታች የሞባይል መሸጫ፣ ከላይ ምግብ ቤት የሆነ ፎቅ ቆሟል። እትዬ ዘሃራ ካረፉ ብዙ ዘመን ሆናቸው፤ ጋሽ ወልዴም እንዲሁ። ኮምቦልቻ በወረድኩ ቁጥር ግን በዚያ ፎቅ ፊት ሳልፍ እግሬ ራሱ ይዘገያል። ጉልበቴ ነው እላለሁ ለሚጠይቀኝ። ጉልበቴ ብቻ አይደለም።

ያቺን ቀን ነው የማየው። አስቴር ከተያዘች ዓመት ሊሞላ ትንሽ የቀረው ነበር። ሰኔ ነው፣ ከሰዓት በኋላ፣ ከፈረቃ ወጥቼ ብስክሌቴን ገልብጬ ከእትዬ ዘሃራ አጠገብ ኩሽኔታዬን ግራሶ እቀባለሁ። እሳቸው ከጎኔ ሆነው «በዛ፣ ቀንስ» ይሉኛል። ቀና ስል አስቴር ቆማለች፤ ከጤና ጣቢያ መውጣቷ ነው፣ ነጭ ጋውኗን አጥፋ በክንዷ ይዛለች። ፀጉሯ እንደገና አድጓል። እትዬ ዘሃራ እሷን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከዚያ የሚፈልጉት ቁልፍ ቤት ውስጥ እንደቀረ ትዝ ያላቸው መስለው ተነሥተው ሄዱ።

«ደክሞኛል» አለች አስቴር። «በእግሬ መሄድ አልቻልኩም።»

እጄን በጨርቅ ጠርጌ ብስክሌቷን አቆምኩ። የኋላውን መጫኛ በእጅጌዬ አበስኩት። ወዲያው አልተቀመጠችም። መጫኛውን በእጇ ያዝ አድርጋ፣ ዓይኔ ውስጥ እያየች፣

«ታደርሰኛለህ?» አለችኝ።

ታክሲ ጋሪ ላይም፣ አውቶቡስ ላይም፣ ሰው በቀን መቶ ጊዜ የሚለው ቃል ነው። እኔ ግን ጋሽ ወልዴ በዝናብ ቆመው ያሉኝን «ትደርሳለህ?» ሰማሁበት።

«አደርስሻለሁ» አልኳት።

ወጣችና በጎን ተቀመጠች፤ አንድ እጇን ትከሻዬ ላይ አሳረፈች። ቀስ ብዬ፣ ድንጋዩን ሁሉ እየመረጥኩ፣ እቤቷ ደጃፍ ድረስ አደረስኳት።